ሦስት ባሕር በአንድ ላንድሮቨር

(ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረታ የወጣው የተሳቢ መኪና ሹፌር ይመር በአሮጌ ላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ የልጁን የትምህርት ቤት አትላስ ዘርግቷል፤ ሠላሳ ዓመት አብሮት መንገድ የገፋው ጓደኛው አራጋው አጠገቡ ቆሟል።)

ይመር፦ የመኪናዬን ባትሪ መልስ አልኩህ!

አራጋው፦ ቻርጅ ላይ ነው እኮ። ሞላ ሲሉኝ አመጣዋለሁ።

ይመር፦ ሦስት ቀን ሙሉ? የኮምቦልቻን ፋብሪካ ሁሉ ልታስነሳበት ነው?

አራጋው፦ የመብራቱን ነገር እያወቅከው! አንድ ሰዓት ይመጣል፣ ግማሽ ቀን ይጠፋል። ደግሞስ ምን አስቸኮለህ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይመር፦ ጣሊያን እገባለሁ ብሎ የወጣው ልጄ ስልኩ ከተዘጋ አራት ወሩ። እስካሁን አለመነሳቴ ነው የሚገርመው። ይልቅ ና መንገዱን እይልኝ። በባቲ ወርጄ፣ ሚሌን አልፌ፣ በጋላፊ ጅቡቲ እገባለሁ።

አራጋው፦ እሱንስ ዓይንህን ጨፍነህ ትነዳዋለህ። ከዚያስ?

ይመር፦ መኪናዋን መርከብ ላይ ጭኜ ጅዳ። ከጅዳ በረሃ ለበረሃ ወደ ላይ። ከዚያ እንደገና በመርከብ ወደ ግብፅ።

አራጋው፦ ቆይ፣ ቆይ። ቀይ ባሕርን ሁለቴ? ሙሴ እንኳ አንዴ ነው የተሻገረው፤ ያውም እግዜር ከፍሎለት!

ይመር፦ ነቢ ሙሳ ላንድሮቨር አልነበረውም።

አራጋው፦ ፈርዖን ግን ሰረገላ ነበረው። መጨረሻውን ታውቃለህ… ኧረ ይቅርታ። አፌ ነው።

ይመር፦ ምን ይቅርታ ያስብላል? ቀለድክ እንጂ። ሰሞኑን ደግሞ ይቅርታ አበዛህ።

አራጋው፦ ከግብፅስ ወዴት?

ይመር፦ ቀዩን ሁለት ብዬ ቆጥሬ፣ ከእስክንድርያ ሦስተኛውን ባሕር ተሻግሬ ጣሊያን። አትላሱ ላይ በመንገዱ የዘረጋኋትን ክር አየሃት? እንደ ድሮው አንዱ ቋጠሮ አንድ ሙሉ ታንክ ናፍጣ ነው።

አራጋው፦ ክሩ እኮ እስክንድርያ ላይ አለቀ።

ይመር፦ እቀጥለዋለሁ።

አራጋው፦ ቪዛውስ? በየአገሩ በር ላይ ቆመህ "ልጄን ፈልጌ ነው" ልትል ነው?

ይመር፦ ምን አለበት? ልጅ የሌለው ዘበኛ አለ?

አራጋው፦ እሺ ስኳርህስ? ጉልበትህስ?

ይመር፦ እርጅናን ብቻህን ና ብንለው መች ሰማን! ከነጓዙ መጣ። እሱንም ጭኜው እሄዳለሁ።

አራጋው፦ ላንድሮቨሯ የደሴን አቀበት ስታይ ታስላለች።

ይመር፦ እኔም አስላለሁ። አብረን እያሳልን እንወጣዋለን።

አራጋው፦ ይሄ ከኋላ የጫንከው ጆንያ ምንድን ነው? በሶ ነው?

ይመር፦ አፈር ነው። ጎማ ሲሰምጥ የምበትነው።

አራጋው፦ አሸዋ ላይ አፈር? ሠላሳ ዓመት አብረን ነድተን እንዲህ ያለ ሹፌርነት አላየሁብህም።

ይመር፦ ተወው አልኩህ። እጅህን አንሳ።

አራጋው፦ እሺ፣ አነሳሁ። አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ። ነገን እደርልኝ። ከነገ ወዲያ ባትሪ ባይኖር እኔ ራሴ እገፋልሃለሁ።

ይመር፦ ነገ ጠዋት ምን አለ?

አራጋው፦ ምን ይኖራል? ምንም።

ይመር፦ የእድሩ ድንኳን ከትናንት ወዲያ እነ ዘይነባ፣ ጎረቤቶቼ ግቢ ገብቷል። ትልልቁ ብረት ድስት ወጥቷል። በሰፈሩ ሰርግ የለም። ሱቅ ስገባ ጨዋታው ይቆማል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬያለሁ።

አራጋው፦ ሰው የሚያወራውን…

ይመር፦ የሚያወራ ሰው መች አገኘሁ? ያንን የወልዲያውን መምህር ታስታውሰዋለህ?

አራጋው፦ አሁን እሱን ምን አመጣው?

ይመር፦ "እናትህን ትንሽ አሟታል" ብለን ከአዲስ አበባ ጭነን ያመጣነው። በየከተማው "አቁሙልኝ" እያለ ብርቱካን ሲገዛላት መጣ። አንተ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ ስታለቅስ እኔ በስፔኪዮ እሱን አየው ነበር። ብርቱካኑን ታቅፎ እንቅልፍ ወሰደው። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ እናት ነበረችው።

አራጋው፦ ይመር… አውቀህ ኖሯል?

ይመር፦ እኔና አንተ ስንቱን መርዶ በየደጁ አራግፈናል! የራሴ ሲመጣ ይጠፋኛል? ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሬን እንደሚያንኳኩ አውቃለሁ። ባትሪዬንም ለዚሁ እንደነቀልከው አውቃለሁ።

አራጋው፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ አትላስ፣ ይሄ ሁሉ ክር?

ይመር፦ መርዶ የተነገረው ሰው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ያልተነገረው መንገድ ይወጣል። እኔ ሳይነግሩኝ ልውጣ። ሦስት ባሕር የሚያህል መንገድ ልጄ አለኝ ብዬ ልንዳ። ስደርስ እቀብረዋለሁ።

አራጋው፦ አፈሩ…

ይመር፦ ከእናቱ ከዘሐራ መቃብር ነው የዘገንኩት። ሦስት እፍኝ አልብሰዋለሁ። ልጄን የሰው አገር አፈር ብቻውን አይበላውም።

አራጋው፦ መቃብሩን የት ብለህ ነው የምታገኘው?

ይመር፦ እየጠየቅኩ። የማላውቀውን አገር ሁሉ እየጠየቅኩ ነው የነዳሁት።

አራጋው፦ ይመር፣ እስኪ ተቀመጥ።

ይመር፦ አልቀመጥም። ቆሜ ልስማው።

አራጋው፦ ደውሎ የነገረን የሐርቡው ልጅ ነው፤ ከልጅህ ከእንድሪስ ጋር ጀልባው ላይ የነበረው። ጣሊያን የደረሱት አሥራ አንድ ናቸው። እንድሪስ አልደረሰም።

ይመር፦ ሬሳውስ?

አራጋው፦ አልተገኘም። መቃብር የለውም፣ ወንድሜ።

ይመር፦ (የክሩን ጫፍ ከአትላሱ ላይ ያነሳል።)

አራጋው፦ እኔ ባትሪውን እንድነቅል እንጂ ይህን እንድነግርህ አልተላክሁም። ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው ሊነግሩህ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ብቻዬን አረዳሁህ።

ይመር፦ ከሦስቱ ባሕር የቱ ላይ ነው?

አራጋው፦ የመጨረሻው።

ይመር፦ ክሬ ያለቀብኝ።

አራጋው፦ ስማኝ፣ ባትሪውን አሁኑኑ ላምጣው። ጅቡቲ ድረስ እኔ እነዳለሁ። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ አፈሩን እዚያ…

ይመር፦ ባሕርን አፈር ቢያለብሱት የት ይታወቃል?

አራጋው፦ መንገድ ልውጣ አላልከኝም? መንገዱን እንሂደው።

ይመር፦ የወልዲያው መምህር እንኳ ደርሶ የሚያለቅስበት መቃብር ነበረው። ሂድ አራጋው፣ ሽማግሌዎቹን ጥራቸው። ድንኳኑንም ዛሬውኑ ይትከሉት።