የተገለበጠው ፕላን

ጋሼ ደገፉ፣ ቁጭ በል! ዛሬ በጡረታ መሸኛህ ቀን እንኳን አትነሳ። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ብድግ ስትል ሃያ አንድ ዓመት አለፈህ፤ አሁን መቆሙ የእኔ ተራ ነው። እናንተም ለስላሳችሁን ቶሎ አትጨርሱ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ይህ ሰው በ1985 ዓ.ም. ከገሱባ ተዛውሮ ሶዶ ማዘጋጃ ቤታችን ሲገባ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ወሬውን ያገኘሁት ከጥበቃችን ከጋሽ ገብረአማኑኤል ነው፤ ያውና፣ ከአሁኑ ይስቃል። መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ሰው ሁሉ ገና ይጠራጠራል። ታዲያ አንድ ጠዋት አንድ ቀጭን ሰውዬ የቅየሳ መሣሪያውን ሦስት እግር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ በራችን ላይ ከች! ጋሽ ገብረአማኑኤል መትረየስ መሰለው።

«ቁም! እጅ ወደ ላይ!»

«የቱን ላንሳ ወንድሜ? በግራው መሣሪያ ይዣለሁ፣ በቀኙ ቦዬ።»

የተቀቀለው ቦዬ የመንገድ ስንቁ ነበር፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ። ማንነቱ እስኪጣራ ድረስ ሁለቱ በሩ ላይ ተቀምጠው በሉት። እስከ ዛሬም ለመስክ ሲወጣ ያች ጥቅል ከቦርሳው ጠፍታ አታውቅም። ማቲ፣ መስክ አብረኸው የምትወጣው አንተ ምስክር ነህ፤ ግማሹን የምትበላው አንተ ነህ!

የግንባታ ፈቃድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ሰውዬው ጫማውን ማሰር ይጀምራል። እግሩ ያልረገጠውን ቦታ አይፈርምማ! ባጃጅ ከተማችን ሳይገባ በእግሩ፣ ባጃጅ ከገባም በኋላ በእግሩ። ቦታው ላይ ቆሞ ደግሞ ምን እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። እስቲ አብራችሁኝ በሉ፦ «ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

አዎ! ቤት ውስጥም ሳይጠይቅ አይቀርም።

አንድ የሻንቶ ነጋዴ ፎቅ ሊሠራ መጥቶ፣ «ቶሎ ፈርምልኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል» አለው። ጋሼ ደገፉ መነጽሩን አውልቆ፣ «ከታችህ ያለው ጎረቤት ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀው። ሰውዬው አላውቅም አለ። «እንግዲያው ተዋውቀህ ና። ውሃህ የሚወርደው እሱ ግቢ ነው።» ነጋዴው እየተሳደበ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱን ይዞ ተመለሰ፤ ዛሬ ልጆቻቸው ተጋብተዋል።

አሁን ወደዚያች ቀልዳችን ልምጣ። አዲስ ለተቀጠራችሁት ላስረዳ፤ ጋሼ ደገፉ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቷል ይባላል። በ1992 ለወይዘሮ የማርያምወርቅ ቤት የወጣው ፕላን ግራና ቀኙ ተገለበጠ። በግቢው ቀኝ ጥግ መሆን የነበረበት ሽንት ቤት በግራ በኩል፣ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ አሳየሽ የውሃ ጉድጓድ አራት እርምጃ ላይ ወጣ። ቁፋሮው ወገብ ሲደርስ ወይዘሮ አሳየሽ ጩኸቷን ይዛ ቢሮ ገባች። ጋሼ ደገፉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ለእሱ የታሰበው የቡድን መሪነትም በዚያው ለሌላ ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ምን ያላልነው አለ? «ጋሼ ደገፉ፣ ቀኝ እጅህ የቱ ነው?» «መንገድ ስትሻገር ሰው ይያዝህ!» አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። እሱም አብሮን ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያን ፕላን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ቆይ ጋሼ፣ አታቋርጠኝ። አሥራ አራት ዓመት ዝም ብያለሁ፣ ዛሬ ልጨርሰው።

እሱ ቦታውን ረግጦ፣ ለክቶ፣ ንድፉን ትክክል አድርጎ ነው የሰጠኝ። እኔ በትሬሲንግ ወረቀት መስመሩን በእርሳስ አንስቼ ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ ወረቀቱን በጀርባው ዘርግቼ በቀለም ደገምኩት፤ ከጀርባው የሚያሳይ ስስ ወረቀት ነውና መስመሩ አልጎደለም። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ስለጻፍኩት ደግሞ ትክክል መሰለ። እሱም አምኖኝ ፈረመ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ቢታወቅ በነጋታው እባረራለሁ። እናቴ ደግሞ ልጄ መንግሥት ቤት ገባች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። መዝገብ ቤት ጥግ ቆሜ ሳለቅስ አገኘኝ።

«እኔ ነኝ ብዬ ልናገር» አልኩት።

«ፊርማው የማን ነው?»

«ያንተ።»

«እና አንቺን ምን አገባሽ? ሂጂ እንደገና ንደፊው። ቀስ ብለሽ። ደግሞ ለሰው ብትናገሪ እቀየምሻለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት አካፋ ይዞ ሄዶ ያን ጉድጓድ በገዛ እጁ ደፈነው። ሊሄድ መሆኑን ሰምቼ አብሬው ልሄድ ብል፣ «አንቺ ምን አጠፋሽና?» ብሎ መለሰኝ።

ጋሼ ደገፉ፣ እንግዲህ ተቀየመኝ! ነገ ቢሮ አትመጣም፣ ምን ታደርገኛለህ? ዛሬ እነዚህ ልጆች «እትዬ ፈጠነች ፕላን አትስትም» ይሉኛል። ስለማልስት አይደለም። ያኔ አንተ ስለሸፈንከኝ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳላይ እርሳስ አላነሳም። ውለታህ ከብዶኝ ነው የኖርኩት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ደብዳቤ ጽፌ ለመዝገብ ቤቷ ለማክዳ ሰጥቻታለሁ። በግል ማኅደርህ ውስጥ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጋር ይያያዛል፤ የነገርኳችሁ ሁሉ ተጽፎበታል። ጋሼ፣ ፊርማው የማን ነው ብትለኝ፣ የእኔ ነው።

በሉ ተነሱ። አንተ ግን ቁጭ በል ብዬሃለሁ! ብርጭቋችሁን አንሱ፣ በፈለጋችሁት እጅ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የእንሰትህ ማሳ ይለምልምልህ፤ ደጅህ ከሰው አይጉደል። ከእንግዲህ ማንም ቀኝህን አይጠይቅህም። ጋላታይስ፣ ጋሼ ደገፉ። አመሰግንሃለሁ።