አራት አምፖል

ሚስቱ ስንዱ አኩርፋ ወንድሟ ቤት ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ አቶ ቢያድግልኝ ነገ የሚገጠመውን የሶላር ንድፍ በወረቀት ይዞ፣ ከታላቅ ጎረቤቱ ከወይዘሮ የሻረግ ደጅ ቆሟል።

ቢያድግልኝ፦ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው እትዬ። ይህችን ወረቀት ይዘው ወንድሟ ቤት ድረስ ብቅ ይበሉልኝ። ስንዱ የእርስዎን ቃል አትጥልም።

የሻረግ፦ ሦስት ሽማግሌ የመለሰችን ሴት በወረቀት ልታስታርቅ ነው?

ቢያድግልኝ፦ ሽማግሎቹማ አበላሹት። ሄደው ስለ ትዕግሥት ሲመክሯት፣ ስለ አዳም ጎን አጥንት ሲያወሩላት ዋሉ። ስለ ሶላሩ አንድም አልተነፈሱ።

የሻረግ፦ ምን ብላ መለሰቻቸው?

ቢያድግልኝ፦ «ጨለማ ቤት አልመለስም» ብላ። ይኸው መብራት! ነገ ባለሙያው መጥቶ ይሰቅለዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት?

የሻረግ፦ የመብራት እንጨት በሰፈራችን የተተከለ ለታም እንዲሁ ብለህ በግ አርደህ ነበር። ይኸው ሽቦው ሳይመጣ ሰባት ዓመት ሆነው። እስካሁን የተጠቀመበት ቁራ ብቻ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ያኛው በማመልከቻ ነበር፤ ይኼኛው በፀሐይ ነው። ፀሐይ ቢሮ የላትም፤ ነገ ተመለስ አትልም።

የሻረግ፦ በል አምጣው እስቲ። ይቺ ጣሪያ ላይ የተጋደመችው ምንድን ናት?

ቢያድግልኝ፦ ሶላሩ ናት። በመንገዱ በኩል አድርጌያት ነበር። ባለሙያው በጓሮ በኩል ይሁን ብሎ ሲሞግተኝ ዋለ። በጓሮ ማን ያያታል አልኩት።

የሻረግ፦ እሱስ ምን አለህ?

ቢያድግልኝ፦ «ፀሐይ» አለኝ።

የሻረግ፦ ጥሩ ባለሙያ ነው፤ እንዳትለቀው።

ቢያድግልኝ፦ ኋላ ተስማማን፤ ሶላሩ በጓሮ ይሁን፣ መብራቱ ግን በር ላይ። ይኸው፣ እዚህች ክብ ያደረግሁባት።

የሻረግ፦ አንደኛው አምፖል ለአላፊ አግዳሚ ማለት ነው።

ቢያድግልኝ፦ ሰው ሲያልፍ «የማን ቤት ነው?» ይበል እንጂ እትዬ። ሁለተኛው ለእንግዳ ክፍሉ ነው፤ ሰው ሲመጣ በኩራዝ መቀበል ቀረ። ሦስተኛው በረንዳው ላይ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እሰማለሁ።

የሻረግ፦ ሬዲዮ በዓይን ይሰማል እንዴ?

ቢያድግልኝ፦ አራተኛው ለበጎቹ ጋጥ ነው። ያችን ጠቦት ባለፈው ክረምት ጅብ እንዴት አድርጎ እንደወሰዳት ያውቁ የለም?

የሻረግ፦ አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስክም። አምስተኛውስ?

ቢያድግልኝ፦ አምስተኛ የለም። ባትሪው ከአራት አምፖል በላይ አይችልም ብሏል።

የሻረግ፦ በጎቹ እንኳን ደስ ያላቸው። የስንዱ የትኛው ነው?

ቢያድግልኝ፦ ሁሉም የሷ ነው! ቤቱ የሷ አይደል? በሩ የሷ፣ እንግዳው የሷ…

የሻረግ፦ ስንዱ እግሯን የተቃጠለችው በር ላይ ነው?

ቢያድግልኝ፦ ኧረ… ማድ ቤት ነው እንጂ።

የሻረግ፦ እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው። የፈላ ሽሮ ይዛ ስትዞር የማገዶው ጉማጅ አደናቀፋት፤ ድስቱን እግሯ ላይ ደፋችው። ጩኸቷን ሰምቼ የገባሁት በዳበሳ ነበር። ለመሆኑ ያን ለት የእጅ ባትሪህ የት ነበር?

ቢያድግልኝ፦ ከራስጌዬ።

የሻረግ፦ ምን ያበራ ነበር?

ቢያድግልኝ፦ ጠፍቶ ነበር። ድንጋዩ እንዳያልቅ ብዬ…

የሻረግ፦ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኼ ነው። ወረቀትህ ላይ ጅቡ እንኳ ታስቦበታል፤ ማድ ቤቱ ግን ጭራሹን አልተሣለም። ቤቱን ስትነድፍ እንጀራው ከየት የሚመጣ መስሎህ ነው?

ቢያድግልኝ፦ ማድ ቤትማ እሳት አለ እትዬ፤ እሳቱ ያበራል ብዬ ነው።

የሻረግ፦ እሳቱ ሲያበራማ አይተናል፤ እግሯ ላይ።

ቢያድግልኝ፦ እሺ፣ እሺ። የበረንዳውን ልተውላት።

የሻረግ፦ የበረንዳውን?

ቢያድግልኝ፦ ምን ነካው? ሬዲዮውን በጨለማ እሰማለሁ ብዬ እኮ ነው።

የሻረግ፦ ለራስህ ምንም የማይጎድልብህን አንሥተህ ልትሰጣት? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ወንድሜ።

ቢያድግልኝ፦ የጋጡንስ? ውሻ እገዛለሁ።

የሻረግ፦ ይቺ ክብ ያደረግህባትስ?

ቢያድግልኝ፦ እንደዚህ አይዩኝ። የበሩንማ አይበሉኝ! በሰፈራችን የመጀመሪያው የበር መብራት ነው የሚሆነው። ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ እድር ላይ ሳይቀር።

የሻረግ፦ እኔ ምን አልኩ? በርህ ይብራ። ሰው ሁሉ «ያ ሚስቱ ጥላው የሄደችው ሰውዬ ቤት ነው» ብሎ በደንብ አይቶ ይለፍ።

ቢያድግልኝ፦ …እርሳስ አለዎት?

የሻረግ፦ እንካ።

ቢያድግልኝ፦ ይኸው፣ የበሩን ሰረዝኩት። ይኸው ማድ ቤቱ። አምፖሉን ከመሐል አደረግሁት፤ ከምድጃው በላይ። አሁንስ? አሁን ይወስዱልኛል?

የሻረግ፦ አልወስድም።

ቢያድግልኝ፦ እትዬ! ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ እኮ!

የሻረግ፦ አደረግህ፤ ዘገየህ እንጂ። ትናንት እሷ ዘንድ ነበርኩ። ዶሮዎቿን ሸጣ ለራሷ ትንሽዬ ሶላር አስገጥማለች። የምትችለው አንዲት አምፖል ብቻ ነው፤ እሷንም ማድ ቤት ነው የሰቀለቻት። ከሥሯ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ እንዴት እንዳማረባት!

ቢያድግልኝ፦ ታዲያ መብራቱን ካገኘች… እኔ በምን እለምናታለሁ?

የሻረግ፦ ወረቀቱን ኪስህ ክተትና ራስህ ሂድ። ወንድሟ ሳሎን ግባ ቢልህ እምቢ በል፤ በቀጥታ ማድ ቤት ግባ። እዚያ ብርሃን አለ፤ ማፈር አለማፈርህን ከፊትህ አይታ ትፍረድ።