የእትዬ አልጣሽ ስምና የስልኩ ቅጠል

ሀሴት ያን ቀን ከዲላ መናኸሪያ ባጃጅ ስትሳፈር ለጨዋታ የሚሆን ትዕግሥት አልነበራትም። ጠዋቱን ሙሉ «ይህንማ ስልኬም ይሠራዋል» ከሚሉ ደንበኞች ጋር ስትሟገት አርፍዳለች። እንግዲህ የሰው ዕድል ሆኖ፣ ከኋላ ወንበር ካርቶን ታቅፈው የጠበቋት የእነዚህ ደንበኞች ሁሉ አለቃ የሆኑት ጎረቤቷ ጋሽ ሽብሩ ናቸው።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ፣ ቦታ አለ» አሉና ካርቶኑን ወደ ጉልበታቸው ሳቡላት።

ጋሽ ሽብሩ ከዱመርሶ ቡና እያመጡ፣ ቆልተውና ፈጭተው፣ በባለቤታቸው በእትዬ አልጣሽ ስም አሽገው መሸጥ ጀምረዋል። ሀሴት ደግሞ ዲዛይን ተምራ የተመለሰች፣ ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትሠራ ልጅ ናት። የፓኬቱን ምልክት ልሥራልዎት ስትላቸው «ቅጠል ለመሣል ሰው እቀጥራለሁ?» ብለው የሳቁባትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«ካርቶኑ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ተመላሽ! የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለጉባኤ እንግዶች ስጦታ ብለው ያዘዙትን ቡና መለሱልኝ። ምልክቱ አላማረንም አሉ። ምልክቱን ይጠጡታል እንዴ? ምቀኝነት ነው ልጄ፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ሀሴት አንድ ፓኬት አውጥታ አየችና ዓይኗን ጨፈነች። ለምለም ቀንበጥ፣ ጫፉ ቀላ ያለ፣ ተሰብስቦ መሐሉ ላይ ታስሯል። ከሥሩ በትልቁ «አልጣሽ» ይላል። እግዚኦ! ይህን አይቶ ዝም ያለ ማተሚያ ቤትስ ምን ይባላል?

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይህ የቡና ቅጠል ነው?»

«ቡና ውስጥ ተወልጄ የቡና ቅጠል ልታስተምሪኝ ነው? ‹ተፈጥሮ› ብዬ ስጽፍ የስልኬ ምልክት መሥሪያ አፕ የቅጠል መዓት ደረደረልኝ፣ ለምለሙን መረጥኩ። ቅጠል ቅጠል ነው።»

«ይህንኑ ቅጠል ሐዋሳ ያለ ሳሙና ሻጭም ይመርጠዋል እኮ። ታዲያ የእርስዎ የሚሆነው በምኑ ነው?»

«አንቺስ በኮምፒውተር አይደል የምትሠሪው? ያው ማሽን ነው! የእኔው በነፃ፣ ያንቺው በክፍያ።»

«ማሽኑን ማን ጠላው ጋሼ? ለልደት ጥሪ፣ ለቤት ኪራይ ማስታወቂያ እኔም በአፕ እሠራለሁ። ግን ስልኩ ዲላን ያውቃል? ይህን ማን ያየዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ያየው ሰውስ ምን ያስባል ብሎ ጠየቀዎት?»

«ስልክ ምን ብሎ ይጠይቀኛል!»

«እኔ ግን እጠይቅዎት ነበር። ሥራዬ እሱ ነው፤ ሥዕሉ በኋላ ነው የሚመጣው።»

«የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ቀላሉን ያከብደዋል» አሉና ወደ ውጭ ዞሩ። ሰው አልሰማም ሲል እንዴት ያደክማል! ሀሴት ከዚህ በኋላ አንድ ቃል ላለመጨመር ለራሷ ማለች።

ይህኔ እስካሁን ዝም ብሎ ሲነዳ የነበረው ሹፌሩ ጆሲ፣ በመስታወቱ ፓኬቱን አየት አደረገ።

«ፋዘር፣ ጫት በፓኬት መሸጥ ተጀመረ እንዴ? የወንዶ ነው?»

ጋሽ ሽብሩ ፓኬቱን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አልጣሽ ከመዘምራኑ ልምምድ ቀርታለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ራሴን አሞኛል ትላለች። ገበያ ስትወጣም ፓኬቱን በነጠላዋ ሸፍና ነው። እኔ ደግሞ እንዳይቆሽሽባት መስሎኝ…»

ሀሴት ንዴቷ ሁሉ በአንዴ ወረደ፤ አንጀቷን በሏት። አብራቸው ወርዳ ቤታቸው ገባች። እትዬ አልጣሽ ካርቶኑን ሲያዩ ምንም ማስረዳት አላስፈለገም።

«መለሱልህ? እሰይ! ነግሬህ አልነበር? ‹ስልኩ ያውቃል› አልከኝ። ዕድሜ ልኬን የዘመርኩበትን ስሜን ከጫት እስር ሥር ጻፍከው፤ አሁን የሰፈሩ ልጆች ሲያዩኝ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ያመመኝ ራሴ አይደለም፣ ስሜ ነው!»

ጋሽ ሽብሩ ወደ ሀሴት ዞሩ። «በይ ልጄ፣ የምትጠይቂውን ጠይቂኝ።»

«እርስዎን አይደለም» አለች ሀሴት። «እትዬ አልጣሽ፣ ሰው ፓኬቱን ሲያይ ምን ትዝ እንዲለው ይፈልጋሉ?»

እትዬ አልጣሽ ባላቸውን ገላመጡ። «እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ? የአባቴን ጓሮ ነዋ። ቡናው ከእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ ጥላ ሆኖለት። የጌዴኦ ሰው ያንን ሲያይ ቤቴ ነው ይላል።»

ሀሴት ቀይ ፍሬ በያዘ የቡና ዘለላ ላይ ያጎነበሰ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ነደፈች። ከመታተሙ በፊትም ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች፣ ለገበያው ነጋዴዎች፣ ለጆሲም ጭምር አሳየች። ጆሲ «ይሄማ ቡና ነው» አለና አለፈ።

ሴቶቹ አዲሱን ፓኬት ለጉባኤው ወሰዱ። ማንበብ የማይችሉ ገዢዎችም «ባለ እንሰቱን ስጠኝ» ማለት ጀመሩ። ጋሽ ሽብሩማ ባሰባቸው! ባጃጅ ውስጥ ስልኩ ላይ ምልክት ሲመርጥ ያዩትን ሁሉ ይይዛሉ፦ «ልጄ፣ ለልደት ጥሪ ከሆነ ሥራበት። ስምህን ይዞ ዕድሜ ልክ የሚኖረውን ግን ለባለሙያ ስጥ። ባለሙያ ይጠይቅሃል፣ አካባቢህን ያውቃል፣ ያንተን ብቻ ያወጣልሃል። ከመታተሙ በፊትም ለሰው አሳይ።» ይህንኑ ምክር አንድ ቀን ለሀሴት ለራሷ ከመናኸሪያ እስከ ቤቷ ድረስ አስተማሯት። እሷም ጥርሷን ነክሳ አዳመጠች።

እትዬ አልጣሽ ግን ለልምምድ ሲወጡ አንድ ፓኬት አንስተው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። በገበያው መሐል፣ ስማቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ቀስ ብለው አለፉ።