የመጨረሻዋ ቁራሽ

እንግዲህ ማይሊስ፣ ዛሬ የጡረታ መሸኛሽ ነውና ማምለጫ የለሽም፤ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ይቺ ሴት እዚህ ስዊድን ሰሜን ጫፍ፣ ኪሩና ወዳለው የጠፈር ምርምር ተቋማችን የመጣችው ታኅሣሥ ላይ ነው። የመሣሪያ ክፍሉን በር ከፍታ «ከፀሐይ የሚነሳውን ነፋስ ላጠና ነው» አለችኝ። ብሎን ከማጥበቅ ሌላ የማላውቀው እኔ ኢቫር በመስኮት የቀኑን ጨለማ አሳየኋትና «ልጄ፣ ፀሐይ እኮ እዚህ እስከ ጥር አትወጣም!» አልኳት።

«እጠብቃታለኋ!» ብላ ካፖርቷን ሰቀለች። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት።

በረፋድ ቡናችን የመጨረሻዋን ቁራሽ ኬክ የሚጨርስ ባለጌ ነው፤ ሁሉም ግማሿን ቆርሶ ይተዋል። ማይሊስማ የግማሿን ግማሽ፣ የዚያችንም ግማሽ ስትቆርስ፣ የተረፈችውን ለማየት ወደ ጅራታሙ ኮከብ የላክነው መሣሪያ ያስፈልገን ነበር!

መሣሪያውን ካነሳሁ አይቀር... የመጀመሪያው ልኬት ሲመጣ የፀሐይ ነፋስ፣ ያ ከፀሐይ የሚረጨው የቅንጣት ጅረት፣ ወደ ጎን ታጥፎ ታየ። «ኢቫር ገልብጦ ገጥሞታል» ተባለ። ሄዶ የሚያየው የለ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በቡና ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ማይሊስ ብቻ ወንበሯን ስባ መጣች።

«ገልብጠሃል?»

«አልገለበጥኩም።»

«በቃ፤ የታጠፈው ነፋሱ ነው።»

ቁጭ ብላ አሰላችው። የጅራታሙ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተመትቶ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ ነፋሱ ያን አዲስ ቅንጣት ወደ አንድ ጎን ሲገፋ፣ ራሱ ወደ ሌላው ይታጠፋል። ስሜ ጸዳ።

በኋላ ጅራታሙ ፀሐይን ሲቀርብ ጋዙ በዛና ነፋሱን ጭራሽ ከአጠገቡ አራቀው። ለወራት አንድም የነፋስ ቅንጣት አላየንም። ሌላው ወደየሥራው ሄደ፤ እሷ ግን በየቀኑ ባዶውን ስክሪን ትከፍታለች።

«ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ሲመለስ የሚጠብቀው ሰው ይኑር ብዬ ነው።»

ሳቅሁባት። በዚያው ዓመት ባለቤቴ ሞተች። ባዶ ቤት በር መክፈት ምን እንደሆነ ሳውቅ ነገሯ ገባኝ። ነፋሱማ ተመለሰ።

ማይሊስ፣ ያን ቀን ስለሳብሽው ወንበር አመሰግንሻለሁ። አሁን ደግሞ «ጡረተኛ ሲመላለስ ያስጠላል፤ አልመጣም» ትያለሽ አሉ። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኝ አንድ ረፋድ ላልቀረሁት ለእኔ!

ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። ጤናውን፣ ዕድሜውን ይስጥሽ፤ ቤትሽ ሰው አይጣ። የመጨረሻዋን ቁራሽ ደግሞ ዛሬ ማንም እንዳይነካ! ነገ ረፋድ ግማሿን በልቼ ግማሿን በወንበርሽ ፊት አኖራለሁ። ከቀረሽም በነጋታው የተረፈችውን ደግሞ ለሁለት እከፍላለሁ እንጂ አልጨርሳትም።

በጤናሽ!