አባታቸውን በፊልም ያለቀሱት ወይዘሮ ሐሌታ ቀለመወርቅ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ስለ ወይዘሮ ሐሌታ ቀለመወርቅ በሎስ አንጀለሱ የአበሻ ሰፈራችን በፌርፋክስ ያልተወራ ነገር የለምና፣ ዛሬ የሚነበበውን ቀደም ሲል ከሰማችሁት ጋር ማመሳከራችሁ አይቀርም፤ አመሳክሩ፣ መብታችሁ ነው። ቤተሰቡ ግን ይህን ዜና ሕይወት ሲያዘጋጅ ነገሩንም ቀኑንም ደጋግሞ ጠይቆና አጣርቶ ስለሆነ፣ ቢያንስ ለዚህች ሰዓት ወሬው ይቆየን።

ወይዘሮ ሐሌታ በ1945 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ሰፈር፣ ከአባታቸው ከአቶ ቀለመወርቅ እሸቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ወልደ ሰማዕት ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ በመሆናቸው ፈረንሳይኛን እንደ አማርኛ ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን፣ ሐሌታንና ታናሽ እህታቸውን ውብነሽን፣ በዚያው ቋንቋ እየተቆጡ በዚያው ቋንቋ እያጫወቱ አሳደጉ። ወይዘሮ ሐሌታ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ሲከታተሉ ለዕረፍት በባቡር ወደ ቤት በተመለሱ ቁጥር፣ አባታቸው የሥራ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከፉርጎው በር ላይ ይቀበሏቸው እንደነበር እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነሱት ኖረዋል።

ከዚያም ነርስነት ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደው ሳለ፣ አንድ ፊልም ሠሪ ፈረንሳይኛቸውንና መልካቸውን አይቶ ትንሽ ሚና ሰጣቸው፤ ትንሿ ሚና ሌላ ሚና አመጣች፣ ነርስነቱም በዚያው ቀረ። የቤት ሠራተኛም የሐኪም ሚስትም እየሆኑ በብዙ ፊልሞች ከተጫወቱ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በማርሴይ ወደብ የምትኖር ልብስ ሰፊ ሆነው ዋናውን ሚና ተጫወቱ። በዚህ ሥራቸው ሽልማት አገኙ። ሆኖም ፊልሙ ተቀርጾ ባለቀ በሳምንቱ ፓሪስ የሚኖሩ ጳውሎስ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው አበሻውን ሰብስበው በማለዳ በራቸውን አንኳኩና የአባታቸውን መርዶ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሐሌታ ከዚያች ቀን ወዲህ ካሜራ ፊት አልቆሙም፤ ፊልሙንም አላዩም፣ ሰውም እንዲያየው አልፈለጉም።

ወደ ሎስ አንጀለስ ከመጡ በኋላ በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ግዛው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ማዕዶትን ወለዱ። አቶ ግዛው፣ ይኸው ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል፣ «ጻፉት» ያሉንም እሳቸው ናቸው፣ በተፈጥሯቸው ተጠራጣሪ ሰው ናቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን ሌላ ሐኪም ሳይጠይቁ አይውጡም፤ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ከሄዱ በኋላ መቆለፉን ለማየት ሳይመለሱ አይቀሩም። እንዲህ ላለ ሰው ተዋናይት ማግባት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ፌርፋክስም አላገዛቸውም። ወይዘሮ ሐሌታ ምግብ ቤት በገቡ ቁጥር «እትዬ ሐሌታ፣ እስቲ የትኛው ፊልም ላይ ነው ያሉት? እኛም እንየዋ!» ይባላሉ፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው «ውይ፣ እሱ እኮ ቆየ» ይሉና ወደ ሜኑው ያቀረቅራሉ። ገሚሱ «ከጀርባ በኩል ያለፈች ናት እንጂ ምን ተዋናይ ናት» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «ባያሳፍር ኖሮ አትደብቀውም ነበር» አለ። አቶ ግዛው ጆሮ የገባው ይህ ሁለተኛው ወሬ ነበር፣ ገብቶም አልወጣም።

አንድ ሰሞን ደግሞ ሚስታቸው በር ዘግተው በፈረንሳይኛ ሲያወሩ «ሞናሙር፣ ሞናሙር» የሚል ቃል ሰሙና፣ ፓርኪንግ አብሯቸው የሚሠራውን ሴኔጋላዊ ትርጉሙን ቢጠይቁት ከት ብሎ ስቆ «ፍቅሬ ማለት ነው» አላቸው።  በማግስቱ አቶ ግዛው ሚስታቸውን ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ በርባንክ ከተማ ድረስ ድራይቭ አድርገው ከአንድ ሕንፃ በር ላይ ሲንጎራደዱ፣ ወይዘሮ ሐሌታ በመስኮት አዩአቸውና «ግዛው! ምን እዚያ ያቆምሃል? ግባና ሲሠራ እይ እንጂ!» ብለው አስገቧቸው። ለካ ወይዘሮ ሐሌታ ፊታቸውን ለካሜራ ቢነፍጉም፣ የአሜሪካ ፊልሞች ወደ ፈረንሳይኛ ሲመለሱ ድምፃቸውን እየሰጡ ይሠሩ ኖሯል፤ በር ዘግተው ሲለማመዱ ሞናሙር ያሉትም የካርቱን ዳክዬ ሆኖ ተገኘ። ያ ጥርጣሬ በሳቅ አለቀ፣ የማርሴዩ ፊልም ነገር ግን አቶ ግዛው ልብ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

ባለፈው ዓመት ወይዘሮ ሐሌታ የሳንባ ካንሰር አገኛቸው። ፊልም ማቀናበር የተማረችውና በርባንክ የምትሠራው ልጃቸው ማዕዶት፣ እናቷን ሳታስፈቅድ ፈረንሳይ ያሉ የሙያ ጓደኞቿን ጠይቃ ፊልሙን አገኘችና «ዳዲ፣ ፊልሙን አገኘሁት፣ ኑ ቤት አብረን እንየው» ብላ ደወለች። አቶ ግዛው ግሌንዴል ያለው ቤቷ ደርሰው ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ «ልጄ፣ አንቺ ለጊዜው ወጣ በይ» አሏት፤ ልጅ የእናቷን ገመና እንዳታይ ብለው ነው። ሪሞቱን ይዘው፣ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገው፣ አሳፋሪውን ነገር ይጠብቁ ጀመር።

አሳፋሪው ነገር አልመጣም። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ አባቷ በሩቅ አገር መሞቱ ይነገራታል፤ ፊልም ሠሪው በገዛ ቋንቋዋ ታልቅስ ብሏል። ወይዘሮ ሐሌታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ፣ «አባባ ቀለመወርቅ፣ ቀለሜ አባቴ፣ እንግዲህ ባቡሩ ሲገባ ማን ይቀበለኝ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ፈረንሳዮቹ አንድም ቃል አልገባቸውም፣ ግሩም ትወና ነው ብለው ሸለሟቸው። አቶ ግዛው ግን ሁሉም ገባቸው። ሪሞቱን ጥለው «ማዕዶት! ነይ እናትሽን እዪ!» ብለው ተጣሩ።

ሆስፒታል ሄደው ሲጠይቋቸው ወይዘሮ ሐሌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። «እንባ እንቢ ቢለኝ ስሙን ጠራሁ። በቁሙ አልቅሼ አሟረትኩበት፤ ሳምንት እንኳ አልቆየ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ግዛው» አሏቸው። ይህን ሁሉ ዓመት፣ የአባታቸውን ስም እንኳ ከእህታቸው ጋር ለማንሳት እየፈሩ፣ ይህን ተሸክመው ነበር የኖሩት።

እዚህ ላይ ነው የአቶ ግዛው ጠባይ ለቁም ነገር የዋለው። ሌላ ባል ቢሆን አቅፎ ያጽናና ነበር፤ እሳቸው ግን ተጠራጠሩ። «ቆይ፣ መቼ ነው የሞቱት? ማን አለሽ?» ብለው ጠየቁ። «ጳውሎስ ነዋ፣ ባለፈው ሳምንት ነው አለኝ» ሲሏቸው፣ «የኛ ሰው መርዶ ሲነግር ባለፈው ሳምንት ካለ እኔ አላምንም!» ብለው ተነሡና ድሬዳዋ ለእትዬ ውብነሽ ደወሉ። «እትዬ ውብነሽ፣ የአባታችሁን ሙት ዓመት በየትኛው ወር ነው የምታወጡት?» ቢሏቸው፣ «በኅዳር ነዋ፣ በሚካኤል ማግስት» አሉ። ወዲያው የደበቁት ነገር ትዝ አላቸውና እትዬ ውብነሽ ማልቀስ ጀመሩ። «ብቻዋን ናት፣ ማን ይይዛታል፣ አጠገቧ ሰው ይገኝላት ብለን አቆየነው። ወራት ደብቃችሁኝ ብላ እንዳታዝንብን ደግሞ ቅርብ ነው በላት አልነው ጳውሎስን። ለደግ ብለን ነው፣ አፈር ልብላ!» አሉ። እንግዲህ ወይዘሮ ሐሌታ በጥር ካሜራ ፊት ባለቀሱ ጊዜ፣ አቶ ቀለመወርቅ አርባቸው እንኳ ወጥቶ ነበር።

ወይዘሮ ሐሌታ ይህን ሲሰሙ ፊልሙን አምጡልኝ አሉ። ከተሠራ ከአርባ ዓመት በኋላ በባላቸውና በልጃቸው መካከል ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ሲያበቃ «ለካስ የአባቴን ለቅሶ ደርሻለሁ» አሉ። ከዚያም የማዕዶትን እጅ ይዘው፣ «እኔ የሞትኩ ዕለት ለውብነሽ በዕለቱ ይነገራት። ታማለች፣ ደክማለች፣ በዓሉ ይለፍ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት» ሲሉ አደራ አስቀመጡ።

ባለፈው ማክሰኞ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ መቼም እኛው ነን፣ «እትዬ ውብነሽ ልባቸው ደካማ ነው፣ ትንሽ ቢቆይ» ያልን አልጠፋንም። አቶ ግዛው ግን ማናችንንም ስላላመኑ፣ ድሬዳዋ ያሉ ጎረቤቶችን ራሳቸው ቀስቅሰው፣ እትዬ ውብነሽ ተከበው መርዷቸውን እስኪሰሙ ድረስ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም።

ወይዘሮ ሐሌታ ባለቤታቸውን አቶ ግዛውን፣ ልጃቸውን ማዕዶትንና እህታቸውን ወይዘሮ ውብነሽ ቀለመወርቅን ትተው አልፈዋል። የወይዘሮ ሐሌታን ነፍስ አምላክ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ፣ አባታቸውም እንደ ድሮው ከበሩ ላይ ይቀበሏቸው፤ ለእናንተም መጽናናትን ይስጥ።

እትዬ ውብነሽ፣ ማዕዶት የያዘችው ስልክ ክፍት ነው፣ እየሰሙን እንደሆነ እናውቃለን። እህትዎ ያረፉት ማክሰኞ ነው፤ የሚቀበሩትም ዛሬ፣ አሁን ነው። ምንም የተደበቀብዎ የለም። ያልቅሱላቸው።