ከወንበር ሥር የተደበቀው ማጥፊያ

ከአትክልት ተራ በተሳፈርኩባት ሰይቸንቶ ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ አሮጌዋ ባሊላ መኪናዎ የት ሄደች?»

«ጋራዥ ናት። ሌባ እንዳያስነሳት ከወንበሩ ሥር ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ማጥፊያ አስደብቄባት ነበር።»

«ደግ አደረጉ።»

«ጎረቤቴ ለልጁ ሠርግ አውሰኝ ብሎ ሲለምነኝ በማጥፊያው ዘጋኋትና ተበላሽታለች አልኩት።»

«አመነዎት?»

«ማመን ብቻ? ሚዜዎቹ በሠርግ ልብሳቸው እየገፉ ጋራዥ አደረሱልኝ። መካኒኩ ማጥፊያውን የገጠመልኝ ራሱ ነው፤ እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደና በሁሉም ፊት አስነሳት።»

«ጉድ። ጎረቤትዎ ምን አሉ?»

«ቁልፉን ስዘረጋለት ‹እንኳን ዳነችልህ› አለኝና ሚዜዎቹን ይዞ ሙሽራዋን በጋሪ ሊያመጣ ሄደ።»

«ታዲያ ዛሬም ለምን ጋራዥ ትቆማለች?»

«በምን ዓይኔ በደጃቸው ነድቼ ልለፍ?»

መውረጃዬ ምኒልክ አደባባይ ነበር፤ ግን ጨዋታቸውን ሰርቄ ስሰማ መቆየቴ እንዳይታወቅብኝ «ወራጅ አለ» ብዬ ድምፄን ማሰማት አፈርኩና አብሬያቸው አለፍኩ።