የክርስትና እናቷን ማን ጠየቀ

እሑድ ከታናሽ እኅቴ ከሰብለ ጋር ጣና ዳር ዓሣ በላን፤ እሾሁን እኔ ለቀምሁላት። እናታችን ስለሞተች፣ ሰኞ ማለዳ መኪና መጥቶ አዲስ አበባ ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ ወሰዳት፤ እኔን ‹ትልቅ ነህ› ብለው ተዉኝ። የዚያኑ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ሁለት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ሥልጠናው እንዴት ዋለ፣ ጓዲት?»

«አይቀልዱብኝ እትዬ፤ ጥፋቴን ተምሬ መጣሁ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ዛሬ የተላከችው ሰብለ። ወንድሟን ‹የሥጋ ዘመድ አላችሁ?› አልሁት፤ ‹የለንም› አለኝ።»

«ታዲያስ?»

«የክርስትና እናቷን አልጠየቅሁማ! ልጅ ከመላኩ በፊት የሚቀርበውን ሰው ሁሉ ፈልጉ አሉን።»

«አይ አንቺ! አበልጅ ዘመድ አይደለም?»

«መመሪያው የሥጋ ነው የሚለው።»

«አሁንስ አትመለስም?»

«የሚያሳድጋት ከመጣ ትመለሳለች። ግን ማን ይመጣል?»

ከታክሲው ወረድሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት የክርስትና እናቷ ወደሚኖሩበት ወደ ቁንዝላ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርሁ።